በምራቂ የሄደችው ጥቁር ሳንቲም

የኮቢና አርሂን ሳንቲሞች ነገር ሲነሳ በወደብ ከተማዋ በሰኮንዲ ዛሬም የሚስቅም የሚቆጭም አይጠፋም። ሰውዬው ባቡሩ ገና ጠዋት ማታ በሚያፏጭበት ዘመን ከትኬት መስኮቱ ኋላ ተቀምጦ ያረጀ ነው። መንገደኛ ያልተለመደ ሳንቲም ያቀበለው እንደሆነ ፊቱ ይበራል። ከራሱ ኪስ ተመጣጣኙን አውጥቶ መሳቢያው ውስጥ ይጥልና ያቺን እንግዳ ሳንቲም ይዟት ቤቱ ይገባል። እንዲህ እያደረገ መሀላቸው የተበሳውን፣ የንጉሥ ራስ ያለባቸውን፣ መርከበኛ ከየወደቡ ለቅሞ ያመጣቸውን ሁሉ በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ሞላ። ሚስቱ «የወጥ ገንዘባችንን እኮ ነው የቆለፍክበት!» ትለው ነበር። እሱ ቆርቆሮውን ነቅነቅ አድርጎ ድምፁን ይሰማና ይስቃል።

ሲሞት ቆርቆሮው ለልጆቹ አልሆነም። እዚያ ወንድ ሲሞት ንብረቱ ወደ እህቱ ልጆች ነው የሚሄደው፤ የገዛ ልጆቹ ከእናታቸው ወገን ይጠብቃሉ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ ተነጋገሩ፣ ቤቱን ለታላቁ የእህት ልጅ፣ ቆርቆሮውን ለሌላዋ የእህት ልጅ ለኩኩዋ አሉ። ኩኩዋ ያኔ ሃምሳውን ያለፈች፣ ዓሣ እያጨሰች የምትሸጥ መበለት ነበረች። ስለ ሳንቲም የምታውቀው መልስ መቁጠር ብቻ ነው።

የሟቹ ልጅ ኤውስዋ በዚያ ጉባኤ በር አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ሁሉም ተነግሮ ሲያልቅ ብድግ አለች።

«አባቶቼ፣ ሌላ ምንም አልጠይቅም። ከቆርቆሮው አንዲቷን ብቻ። ልጅ ሆኜ መብረቅ ሲጮህ አባቴ መዳፌ ላይ የሚያስቀምጣትን። ‹ጨብጫት፣ እሷ እስክትሞቅ መብረቁ ያልፋል› ይለኝ ነበር።»

አንዱ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ዛሬ አንዲት ከተባለ ነገ ደግሞ...» ብሎ ሳይጨርስ ኩኩዋ ቀደመችው።

«ያንቺ ናት፣ እህቴ። የሙት ዓመቱ ይውጣና መጥተሽ ውሰጂ። ይኸው በሰው ሁሉ ፊት ብያለሁ።»

ተባለ፤ ሰውም ሰማ። ኤውስዋ ባሏ ማዕድን ወደሚቆፍርበት ወደ ታርኩዋ ተመለሰች።

በዚያው ዓመት ባሕሩ ተቆጣ። ሰኮንዲ ላይ ባሕሩ ዳርቻውን መብላቱ አዲስ ነገር አይደለም፤ ያን ጊዜ ግን የኩኩዋን ማጨሻ ዳስ ከነምድጃዎቹ ጠረገው። ስድስቱም ክብ የጭቃ ምድጃ በአንድ ሌሊት ወደ ጭቃነቱ ተመለሰ። ጀልባዎቹ ዓሣውን እስከ አፋቸው ሞልተው የሚገቡበት ወቅት ደግሞ እየቀረበ ነው። በዚያ ወቅት ምድጃ የሌላት ሴት ዓመቱን ሙሉ የሰው ምድጃ ስትለምን ትኖራለች። ጎረቤቶቿ «ምን ትጨነቂያለሽ? ያ ቆርቆሮ አለ አይደል?» አሏት። አክራ የሚኖር፣ የድሮ ሳንቲም እየገዛ ለውጭ ሰዎች የሚሸጥ ላርቴ የሚባል ሰው እንዳለም ነገሯት። ሰው ላከችበት። ቅዳሜ እመጣለሁ አለ። ኤውስዋም የሙት ዓመቱ ወጥቶ ስለነበር እንደ አጋጣሚ ያንኑ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ ብላ ነበር።

እንግዲህ እዚያ የሞተ ሰው ዕቃ ወደ ባዕድ እጅ ከመውጣቱ በፊት ይታጠባል። የሟቹ ላብ ላዩ ላይ እያለ የተሸጠ ዕቃ ለሻጩም ለገዢውም ሰላም አይሰጥም ይላሉ። ኩኩዋ ይህን ከእናቷ ነው የተማረችው፤ እናቷ የሟች ባሏን መጥረቢያ እንኳ ሳታጥብ አልሸጠችም። ስለዚህ ሎሚ ቆርጣ፣ አመድ ነፍታ፣ የኮኮናት ቃጫ ይዛ ደጅ ተቀመጠች። እያንዳንዷን ሳንቲም ፊቷንም ጀርባዋንም ፈተገቻት። ቡናማው ወጣ፣ አረንጓዴው ወጣ፣ ጥቁሩ ወጣ። ሳንቲሞቹ ፀሐይ ላይ ሲንቦገቦጉ የሚያልፍ ሁሉ ቆም እያለ ያያል።

«ማሜ ኩኩዋ፣ ልትዳሪ ነው እንዴ?» አለ አንዱ ጎረምሳ፤ እዚያ ትልቅ ሴት «ማሜ» ነው የምትባለው።

«አንተ ከጠየቅከኝ ምን እምቢ እላለሁ!»

ከሁሉ ትልቋንና ከሁሉ የምታበራውን የብር ሳንቲም ለብቻዋ አነሣቻት። መብረቅ የምታስረሳ ይቺ ካልሆነች ማን ልትሆን ነው? አለች በልቧ። ለኤውስዋ ብላ በጨርቅ ጠቅልላ ትራሷ ሥር አስቀመጠቻት። መጨረሻ ላይ ከቆርቆሮው ግርጌ አንዲት ትንሽ፣ እንደ ከሰል የጠቆረች ሳንቲም ቀርታ ነበር። ሎሚው አልቋል፤ ወገቧም ደክሟል። ይቺን ደግሞ ማን ይገዛታል ብላ ወደ ሌሎቹ ወረወረቻት።

ላርቴ ቅዳሜ ጠዋት መጣ። ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ንግግሩ የለሰለሰ ሰው ነበር። ኩኩዋ ሳንቲሞቹን ነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግታለት ነበርና ገና ሲያያቸው ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ።

«ማሜ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና እነዚህን ማን ነው ያጠባቸው?»

«እኔ ነኛ! ወገቤ እስኪቆረጥ። ያምራሉ አይደል?»

ሰውዬው እጁን ጉንጩ ላይ አደረገ። «ያምራሉ። ለጆሮ ጌጥ ያምራሉ።»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«የድሮ ሳንቲም የሚገዛ ሰው ዕድሜውን ነው የሚገዛው፣ ማሜ። እርስዎ ዕድሜውን በሎሚ አጥበው ደፉት።»

ኩኩዋ ሳቀች። ሃያ ዓመት ሙሉ ዓሣዋን «ደርቋል»፣ «ከስቷል»፣ «ጢስ ጢስ ይላል» ያላላት ገዢ የለም፤ ሁሉም ግን ይዞ ነው የሚሄደው። ይሄኛውም ያው ነው ብላ ደምድማ ተቀመጠች። እሱ ዋጋ ጠራ፤ እሷ ሰማዩን አየች። ጨመረ፤ ወደ ባሕሩ ዞረች። ተነሥቶ እስከ በሩ ሄደ፤ እሷ ጨርቁን መጠቅለል ጀመረች። ተመለሰ። በመጨረሻ የተስማሙበት ገንዘብ ካሰበችው በጣም ያነሰ ነበር፤ ቢሆንም ሦስት ምድጃ ያቆማል።

ሁሉንም ጠራርጎ ወደ ቆርቆሮው ከመለሰ በኋላ ያቺን ጥቁሯን ብቻ ጨርቁ ላይ ትቷት ነበር። በጣቱ ጫፍ ነካ አደረጋት።

«ይቺን ጉድፍ ደግሞ ይመርቁልኛ!»

እዚህ ላይ የኩኩዋ እጅ ከሐሳቧ ቀደመ። ዓሣ የሚሸጥ እጅ ነዋ! ሽያጭ ካለቀ በኋላ አንዲት ትንሽ ዓሣ ከላይ ጣል ሳያደርግ ቀኑን ውሎ የማያውቅ እጅ። ምራቂ የማትሰጥ ሴት ጋ ሁለተኛ የሚመጣ የለም። አንስታ ሰጠችው።

«ይውሰዷት፤ በረከት ያድርግልዎ።»

ላርቴ አመስግኖ ወጣ። እሷም ገንዘቡን በሽርጧ ጫፍ ቋጠረች፤ ቋጠሮውን ደጋግማ ዳሰሰችው።

ኤውስዋ አንድ ዘለላ ሙዝ ተሸክማ ስትደርስ ፀሐይዋ ገና አናት ላይ ነበረች። ከሰዓት ብላ ነበር፤ መኪና ቀንቷት ቀደመች። ተሳሳሙ፤ ስለ ባሏ ሳል፣ ስለ ልጆቿ ተጠያየቁ። ከዚያ ኩኩዋ እንደ ሙሽራ እናት እየኮራች ከትራሱ ሥር ያችን ጨርቅ አወጣች።

ኤውስዋ ትልቋን የብር ሳንቲም አገላበጠቻት። ቀና ብላ ፈገግ ለማለት ሞከረች።

«ታምራለች፣ እህቴ።»

«እና?»

«እሷ ግን አይደለችም።» ሳንቲሟን ቀስ ብላ ጉልበቷ ላይ አኖረቻት። «የኔዋ ትንሽ ናት። ጥቁር። ጠርዟ ላይ ጥርስ የነከሰው የሚመስል ስብር አላት፤ አውራ ጣቴ እዚያ ውስጥ ነበር የሚያርፈው። ሌሎቹ ውስጥ ትኖር ይሆናላ፤ ልፈልጋት?»

ለኩኩዋ ያን ጊዜ ነው የላርቴ ጣት ድንገት የታያት። ዋጋ ሲከራከሩ፣ ሲነሣ፣ ሲቀመጥ፣ ያቺ ጣት በሚያብረቀርቁት ላይ እየዘለለች ጥቁሯ ላይ ነበር የምታርፈው። ዓሣ ገበያ ላይ ቢሆን እኮ ወዲያው ታውቀው ነበር፤ የሚፈልገውን ትልቅ ዓሣ ትቶ የትንሿን ዋጋ የሚጠይቅ ስንቱን አይታለች!

«ምን ሆንሽ?» አለች ኤውስዋ።

«ተነሺ። መናኸሪያ።»

ከቤቷ እስከ መናኸሪያው ያለው መንገድ ዳገት ነው። ኩኩዋ ሽርጧን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ በሌላው ቋጠሮዋን ይዛ ወጣችው። ሰማዩ በባሕሩ በኩል ጠቁሯል። እየሮጠች የምታስበው አንድ ነገር ነው። የተመረቀ አይጠየቅም። ምራቂዋን መልስ ያለች ሴት ስሟ በገበያው ይዞራል፤ ጀልባ ያላቸው ዓሣ አያመጡላትም፤ ገዢም ይሸሻታል። ያ የአክራ ሰው ይህን ስለሚያውቅ ነው ምራቂ ብሎ የወሰዳት። ከዳገቱ ጫፍ ሲደርሱ ግን ሌላ ነገር መጣላት፤ እግሯም ፈጠነ።

የአክራው ሎንቺና ቆሞ ነበር። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «አክራ! አንድ ሰው ለአክራ! አንድ ብቻ!» ይላል። ላርቴ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጧል፤ ቆርቆሮው ጭኑ ላይ ነው። ኩኩዋ መስኮቱን ያዘች። ስትናገር ጠዋት ያለችውን «እርስዎ» ትታዋለች።

«ውረድ።»

«ማሜ! ምን ሆኑ?»

«ሽያጩን አፍርሻለሁ። ይኸው ገንዘብህ። ቆርቆሮዬን አምጣ።»

እዚያ መናኸሪያ ላይ አንድ የቆየ ደንብ አለ። የመኪናው ጎማ እስኪዞር ድረስ ሻጭም ገዢም ሐሳቡን መለወጥ ይችላል፤ ጎማው ከዞረ ግን አለቀ። ላርቴም ያውቀዋል መሰለኝ፣ መጀመሪያ ያየው ሹፌሩን ነው።

«ፊፊ፣ አንሄድም እንዴ?»

«አንድ ሰው ጎድሎኛል፣ ጌታው።»

«የሱን እኔ እከፍላለሁ። ንዳ!»

ፊፊ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አጓራ። አንዲት ብርቱካን ሻጭ፣ ትልቅ ደረት ያላት ሴትዮ፣ ከነትሪዋ መጥታ ፊት ለፊት ቆመች። «አንተ ፊፊ! በኔ ላይ ነው የምትነዳው?» ሌሎቹም ሴቶች ተሰበሰቡ። ፊፊ አንዴ ላርቴን፣ አንዴ ኩኩዋን አየ።

«ማሜ ኩኩዋ፣ እናቴ የምትልከኝ ጊዜ ሁሌ አንዲት ዓሣ በእጄ ትሰጪኝ ነበር። መንገድ ላይ ነበር የምጨርሳት።» ሞተሩን አጠፋው። «ተነጋገሩ፤ ግን ቶሎ። ዝናብ መጥቷል።»

ላርቴ ወረደ። አሁን እሱም «አንቺ» ማለት ጀምሯል።

«ሸጥሽ፣ ተከፈለሽ፣ መረቅሽ። አሁን ምራቂሽን ልትቀበዪኝ ነው የመጣሽው? ይህን ገበያ ይስማልሽ?»

ከባድ ቃል ነበር። ኩኩዋ ግን ዳገቱ ላይ የመጣላትን ያዘች።

«ምራቂዬን መልስ አላልኩህም። ምራቂ የሽያጭ ነው። ሽያጩ ከፈረሰ በምን ላይ ነው የመረቅኩህ?»

ብርቱካን ሻጯ «እህ!» አለች። ከኋላ የሆነች ሴት አጨበጨበች።

ላርቴ ቆርቆሮውን ወረወረው ማለት ይቻላል። «ይኸው! ውሰጂ ጉትቻሽን!»

ኩኩዋ ገንዘቡን ገና አልሰጠችውም። ቆርቆሮውን በብርቱካን ሻጯ ትሪ ላይ ገለበጠችው፤ ሳንቲሞቹ በብርቱካኑ መሀል ተንከባለሉ። ኤውስዋም ተንበርክካ መሬት የወደቀውን ለቀመች። ሁለቱም በጣታቸው በታተኑ፤ በጥፍራቸው ፈለጉ። ሁሉም ያበራል። ጥቁር የለም።

«ምራቂዋ የታለች?» አለች ኩኩዋ።

«እዚያው ውስጥ ናት። እንጃ፣ ወድቃ ይሆናል። ጉድፍ አይደለች?»

ኤውስዋ ከተንበረከከችበት ቀና አለች። ድምጿ ዝግ ያለ ነበር። «ኪሳቸው ላይ ናት። እጃቸውን እዩት።»

የላርቴ መዳፍ በእርግጥም ሸሚዙ ደረት ኪስ ላይ ተለጥፏል። መዳፉ መቼ እዚያ እንደሄደ እሱም አላወቀም ነበር፤ ቶሎ አወረደው።

«ምራቂ በደረት ኪስ!» አለች ብርቱካን ሻጯ። «ሰዎች፣ እኔ የመረቅኩትን ብርቱካን እንዲህ አቅፎ የሄደ አይታችኋል?»

መናኸሪያው በሳቅ ፈነዳ። ላርቴ አልሳቀም። ኩኩዋን በክንዷ ይዞ ከሎንቺናው ኋላ ወሰዳት፤ ኤውስዋም ተከተለቻቸው። እዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገና እንደ ጠዋቱ ለሰለሰ።

«እውነቱን ልንገርሽ። ይቺ ከሽልንጉም ከፔኒውም በፊት የነበረች ናት። ወርቅ በሚዛን በሚሸጥበት ዘመን፣ ነጮቹ ምሽግ ውስጥ ሲነግዱ ያስመቷት ብር ናት። ሳትታጠብ ስለቆየች ነው ዋጋ ያላት። ቆርቆሮውን ለራስሽ ያዢው፤ የከፈልኩሽንም ያዢው። በላዩ ሦስት እጥፍ ልጨምርልሽ።»

ለኩኩዋ ምድጃዎቹ ታዩአት፤ ስድስቱም፣ ከነቆርቆሮ ጣሪያቸው፣ ከባሕሩ ራቅ ብለው፣ ጢሳቸው ሲወጣ። ባለጀልባዎቹ ሲገቡ ስሟን እየጠሩ ታዩአት። ሽርጧ ጫፍ ያለው ቋጠሮ ድንገት ቀለላት።

ኤውስዋ ፊቷን ወደ ዳገቱ አዞረች። «ውሰጂው፣ እህቴ» አለች እንዳዞረች። «ምድጃ ይሻላል። እኔ እንደሁ አድጌያለሁ፤ መብረቅም አልፈራም።»

ያን ሰዓት ሰማዩ ከሩቅ አንጎራጎረ። የኤውስዋ ትከሻ ሽቅብ አለ፤ ትንሽ፣ ለማየት ለማይፈልግ ሰው የማይታይ። ኩኩዋ ግን አየችው።

«በሰው ሁሉ ፊት ብያለሁ» አለች።

ቋጠሮውን በጥርሷ ፈትታ ገንዘቡን በሙሉ መዳፉ ላይ አኖረችለት። ላርቴ ገንዘቡን ቆጠረ። ከዚያ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ሳንቲሟን በስስ ነጭ ወረቀት፣ እንደ መድኃኒት ጠቅልሏት ነበር። ሲሰጣት እጁ ቶሎ አልለቀቀም።

«ማሜ» አላት፤ ወደ «እርስዎ» ተመልሶ። «እባክዎን፣ ይቺን እንኳ አይጠቧት።»

ሎንቺናው አንድ ሰው እንደጎደለው ሄደ።

በዚያ ዓመት ኩኩዋ በሁለት ምድጃ ብቻ ነው ዓሣ ያጨሰችው። አንዱን ራሷ አቆመች፣ ሁለተኛውን ኤውስዋ ሳምንት ሰንብታ ጭቃ አብራት አቦካች። ጀልባ የገባ ቀን ግማሹን ዓሣ ለሌሎች ሴቶች ትታ ስትመለስ ያዩዋት ያዝኑላት ነበር፤ እሷም ክፉ ቀን ነበረብኝ ትላለች እንጂ ተጸጸትኩ ብላ አታውቅም። ያጠበቻቸውን ሳንቲሞች አንጥረኛ መንጠቆ አበጀላትና ከዓሣው ጎን ዘርግታ ለጉትቻ፣ ለአንገት ጌጥ ሸጠቻቸው። የላርቴ አፍ ያለው ደረሰ። ልጃገረዶቹ ወደዷቸው። ዛሬም እሑድ እሑድ ሰኮንዲ ቤተ ክርስቲያን ለሚሄድ፣ የኮቢና አርሂንን ሳንቲም ጆሮዋ ላይ ያንጠለጠለች አንዲት አሮጊት አትጠፋም።

ያን ቅዳሜ ግን ገና ምንም አልታወቀም ነበር። ሁለቱ ዳገቱን ወረዱ። ቆርቆሮው በኩኩዋ ራስ ላይ ይንሿሿል። ኤውስዋ ወረቀቱን ፈታ አውራ ጣቷን ስብሩ ውስጥ አገባች፤ ሲገባ ዐይኖቿን ጨፈነች። መንደሩ አፋፍ ሲደርሱ መብረቁ ከባሕሩ ላይ ወረደ፤ ቆርቆሮ ጣሪያዎቹ ሁሉ ተንቀጠቀጡ፤ ዝናቡም እንደ ጠጠር መጣ። አንድ በር ሥር ተጠጉ። ኤውስዋ፣ አርባ ዓመት የሞላት ሴት፣ መዳፏን ጭብጥ አድርጋ ደረቷ ላይ ይዛለች።

ኩኩዋ ውኃውን ከፊቷ ጠራረገች።

«ሞቀች?»

«ገና ናት፣ እህቴ። ትንሽ እንቁም።»